የጠረግኳት መስታወት

ሐሙስ ጠዋት፣ መስከረም 16

ለእትዬ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

ከነድካምሽ እንዴት ከረምሽልኝ? እኛ ደህና ነን፣ እኔ ግን ጉድ ሆኜ ነበር፣ ተቻኩዬ ነው የምጽፍልሽ፣ በፊደሌ እንዳትስቂ።

ያ ያገኘሁት ሥራ፣ ነግሬሽ የለ? የግብርና ሰዎች ስንዴው መሀል ምሰሶ ተክለዋል፣ ጫፉ ላይ ቫዝሊን የተቀባች ትንሽ መስታወት አለች፣ ንፋስ ያመጣው ሁሉ እሷ ላይ ይጣበቃል። እኔ ጠዋት ጠዋት አውርጄ ለባለሙያዋ እሰጣታለሁ፣ እሷ በማይክሮስኮፕ ታያታለች። የስንዴውን በሽታ፣ ዋግን፣ ቅጠል ላይ ሳይወጣ፣ ገና አየር ላይ እያለ ለመያዝ ነው አሉ። አምና ስንዴያችንን ጨርሶ አንቺን ከቤት ያስወጣብን ያው ዋግ!

ሰኞ ዕለት ባለሙያዋ፣ "ጎሽ! ይኸው ዘጠኝ ቀን አየሩ ንጹህ ነው" አለችኝ። እኔ ደግሞ ምስጋና ፈልጌ፣ አፌ አያርፍ፣ "ኧረ መስታወቷማ አቧራ በአቧራ ሆና ነው የምትወርደው፣ እኔ ነኝ ጥርግ አድርጌ፣ አዲስ ቫዝሊን ቀብቼ የማመጣልሽ!" አልኳት።

አባባ ይሙት፣ ፊቷ አመድ መሰለ። "ምን አልሽ?"

"ቆሻሻ ዕቃ ለሰው አይሰጥም ብዬ ነዋ!" ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?

"እኔ የምፈልገው እኮ ቆሻሻውን ነው፣ አንቺ ልጅ!" ብላ ጮኸች።

መባረሩስ ይሁን፣ የአባባ ስንዴ በኔ እጅ አለቀ ብዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። "ለቅሶው ይቆይና ሩጪ፣ ገና ያላወረድሻትን የዛሬዋን አምጪ፣ በአፍሽም እፍ እንዳትዪባት!" አለችኝ። ውሻ ሲያባርረን እንኳን እንደዛ ሮጬ አላውቅም፣ እትዬ።

ነበረ! ዋጉ መስታወቷ ላይ ነበረ። ለኔም አሳየችኝ፣ ብርቱካንማ፣ ደቃቅ፣ ክብ ክብ ያለ፣ ያምራል እኮ እርኩሱ። "ደርሰንበታል፣ ገና ቅጠል ላይ አልወጣም" አለች። በዚያው ቀን ለሰፈሩ ሁሉ ተነገረ፣ ማክሰኞ መድኃኒት ተረጨ፣ ዛሬ ቅጠሉን እየገለበጥኩ አየሁ፣ እስካሁን አንድ ነጠብጣብ የለም። ግን እፈራለሁ፣ በየሰዓቱ እየሄድኩ አያለሁ። አላባረረችኝም፣ ስም ግን አውጥታልኛለች፣ "የጽዳት ሚኒስትር" ትለኛለች።

ትናንት እራት ላይ አባባ፣ "ዘንድሮ ከዚህ ቤት ሥራ ፍለጋ የሚወጣ ልጅ የለም" አለ።

እኔ ነይ አላልኩሽም፣ ሥራ እንዳለብሽ አውቃለሁ። ፍራሽሽን ግን አውጥቼ አናፍሼዋለሁ፣ እንዲሁ ነው፣ ፀሐይ ስለነበረ።

የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፣ ደግ ሰው ይግጠምሽ።

ፈሪዋ ታናሽሽ