የሁለት አለቆች ጆሮ

ነቀምት፣ ኅዳር ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ፣ እንደ እናት ሆና ላሳደገችኝ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ያመመሽስ ተሻለሽ? የአርጆ ብርድ ዘንድሮ ራራልሽ ወይስ እንደ አምናው ምድጃ ሥር አስቀረሽ? ባለቤትሽስ፣ ከብቶቹስ ደህና ናቸው? ባለቤቴ በላይ ሰላም ብሎሻል። እኔም ለወጉ ያህል ደህና ነኝ። ግን ፈርቻለሁ።

ስልከኛ ሆነሽ ወሬሽን በበቅሎ ትልኪያለሽ ወይ ብለሽ ትስቂ ይሆናል። ሳቂ፣ ግን በሩን ዘግተሽ ሳቂ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ጨው ነጋዴው ጉሉማ ነው። እንደ ልማድሽ ከንፈርሽን እያንቀሳቀስሽ አታንብቢው፤ ማንም ቢጠይቅሽ ጉሉማ ጨው እንጂ ሌላ አላመጣልሽም።

ጉዳዩ የጎረቤትሽ የአቶ ነመራ ጉዳይ ነው። ከሥራ ተነሥተው ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት የእኛ የስልክ ቤት ሹም እንደ ነበሩ ታውቂያለሽ። ምን ዓይነት ሹም እንደ ነበሩ ግን አጫውቼሽ አላውቅም።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ሁለት ሰዎች ካገናኘን በኋላ ማዳመጫውን ከጆሯችን አውርደን ጠረጴዛው ላይ እናኖረዋለን። የሰው ጉዳይ የሰው ነው ይሉ ነበር። ሳናስብ ብቅ ሲሉ መጀመሪያ የሚያዩት ፊታችንን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነው። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ስለ ጠፋች በቅሎው ለሚስቱ ሲያለቃቅስ ሰማሁና ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸው ገብተው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አሳቀሽ? አሉኝ። ምንም አልኳቸው። ያለ ምንም የሚስቅ እብድ ነው፣ እብድ ደግሞ ስልክ ላይ አይቀመጥም፣ በይ ወደ ቤትሽ ሂጂ ብለው አባረሩኝ። እያለቀስኩ ሄድኩ። በማግሥቱ ስመለስ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው እንዳገናኘሁ እጄ ራሱ ማዳመጫውን ያወርደዋል፤ እኔ አላዘውም።

ኋላ ትልልቅ ሰዎች መጥተው የአንዳንድ ሰው ንግግር ይደመጥልን ብለው ጠየቋቸው። የኔ ልጆች አገናኝ እንጂ አድማጭ አይደሉም ብለው እምቢ አሉ። ብዙም ሳይቆይ ተነሡ፤ በእሳቸው ቦታ አቶ ዓምደሚካኤል ከአዲስ አበባ መጣ። ፊት ለፊቱ አንቱ ነው የምለው፣ ለአንቺ ስጽፍ ግን አንቱታው ከእጄ አልወጣም አለ።

እትዬ፣ ይህ ሰው አይጮህም። ቢጮህ ኖሮ እለምደው ነበር። እህቴ ነው የሚለኝ፣ ለልደት ከረሜላ ገዝቶልናል። ሥራ ስንጨርስ ብቻ አንድ በአንድ ወደ ክፍሉ ይጠራንና፣ ዛሬ ከተማው ምን ይላል? ይላል። ዝም ካልሽ ዝም ይላል። ሻይ ያዝልሻል፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ያይሻል። እኔ የነገርኩት ሁሉ የማይረባ ነው፤ እገሌ ሰርግ ደግሷል፣ እገሊት ወልዳለች። እሱም አመስግኖ ያሰናብተኛል። ግን ለዚያች ጥያቄ መልስ ሳላዘጋጅ የምውልበት ቀን የለም።

ከእኔ ጎን የምትሠራውን ወርቂቱን ታውቂያታለሽ፤ ሥራውን እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ድሮ ጠዋት ስንገናኝ ነጋ ቡልቴ፣ ነጋ ቡልቴ እየተባባልን፣ ከብቱም ልጁም ጎረቤቱም እስኪጠየቅ ሰላምታው አያልቅም ነበር። አሁን በአንገት ብቻ ነው። እሷ ምን እንደምትነግረው እኔ አላውቅም፤ እኔ ምን እንደምነግረው እሷ አታውቅም። ማዳመጫዋን ጠረጴዛ ላይ ካየሁት ቆይቷል። ሁለታችንም ደግ ሰዎች ነበርን እኮ! አንዷ ሌላዋን የምትፈራበት ምክንያት አልነበረንም።

የባሰው ቤቴ ነው። ባለፈው እሑድ በላይ እራት እየበላ ስለ መሬት ግብር ተማረረ። እኔ እየሰማሁ፣ ይህን ለአቶ ዓምደሚካኤል ብነግረው ሰሞኑን አይጠይቀኝም ነበር ብዬ አሰብኩ። የገዛ ባሌን! ያነሣሁትን ጉርሻ መልሼ አኖርኩት። በላይ ምን ሆንሽ ቢለኝ በርበሬው ነው አልኩት። ያን ቀን ያ ሰው ሥራ ቦታዬን ትቶ ጆሮዬ ውስጥ መግባቱን አወቅሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እኔን ወርሶኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ትናንት ጠዋት ከዚህ ወደ አርጆ አንድ ጥሪ መጣ። ጠሪው የመንግሥት ሰው ነው፤ ማንነቱን አልጽፍልሽም። ከአርጆ ፖሊስ ጋር አገናኘሁት። እጄ እንደ ልማዱ ማዳመጫውን ሊያወርድ ሲል አቶ ዓምደሚካኤል በሩ ላይ ቆሞ አየሁትና እጄን መለስኩት። ጠሪው፣ ነመራ የሚባለው የቀድሞ የስልክ ቤት ሹም ለትምህርት ቤት ማሠሪያ ነው እያለ ሕዝብ ይሰበስባል፣ በአገሩ ቋንቋም ይሰብካል፣ በመጪው ገበያ ቀን ሰው ሲበታተን ይያዝ፣ ወዴት እንደ ተወሰደም ለቤተሰቡ አይነገር አለ። ስማቸውን ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ለማስጻፍ እንደሚናገር ሰው ቀስ ብሎ፣ ጥርት አድርጎ።

እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ጥራቱ ነው። ሌላ ጊዜ የአርጆ መስመር እንደ ወንፊት እየተንሿሿ ነው የሚሰማው። ማታ ወደ ክፍሉ ስገባ ደግሞ አቶ ዓምደሚካኤል ከተማው ምን ይላል አላለኝም። መስመሩ ዛሬ ደህና ነበር? ብሎ ፈገግ አለ። ደህና ነበር አልኩት። ልወጣ ስል፣ አርጆ እህት አለችሽ አይደል? አለኝ። ነግሬው አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ቢኖር ወርቂቱ ናት።

እንግዲህ ጥሪው እውነት ይሁን ለእኔ የተጠመደ ወጥመድ እኔ አላውቅም። እውነት ከሆነና ዝም ካልኩ አቶ ነመራ ይወሰዳሉ፣ ልጆቻቸውም የት ናቸው ብለው የሚጠይቁበት አያገኙም። ወጥመድ ከሆነና ከገበያው ቀን በፊት ከቤታቸው ከጠፉ፣ ወሬው ከማን ጆሮ እንደ ወጣ ይታወቃል፤ በዚያ ሰዓት መስመሩ ላይ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ለበላይ አልነገርኩትም። እምቢ ቢለኝ መላክ ያቅተኛል፣ እሺ ቢለኝም አብሮኝ ይጠየቃል። ብዙ ፈራሁ፣ እትዬ። አሁንም እየፈራሁ ነው የምጽፍልሽ። ግን ያንን ማዳመጫ ማውረድ ያስተማሩኝን ሰውዬ ማዳመጫው ሲበላቸው ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ ቤታቸው ሂጂ። እርሾ ልበደር ብለሽ ግቢና ለሚስታቸው ለወይዘሮ በቀለች ብቻ ንገሪያት። ወደ ዘመድ ይሂዱ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ለአንቺም አይንገሩሽ። ማን ላከሽ ቢሉሽ ስሜን አትጥሪ። ከዚያ ይህን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ጨምሪው። መልስ አትጻፊልኝ። አፍሽ ወሬ እንደማይችል አውቃለሁ፣ ይህችን አንዲት ግን ለእኔ ስትዪ ቻዪያት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ምናልባት በስልክ ትፈለጊያለሽ ተብለሽ ትጠሪ ይሆናል። የምትሰሚው ድምፅ የኔ ነው። ደብዳቤዬ ደረሰሽ ወይ ብዬ እጠይቅሻለሁ። አልደረሰኝም በዪ። በእናታችን አፅም ይዤሻለሁ እውነቱን ንገሪኝ ብልሽም አልደረሰኝም በዪ። ባለቅስም፣ ብለምንሽም፣ ድምፄ አሳዝኖሽ እንዳትራሪልኝ። አጠገብሽ ማን አለ ብለሽም አትጠይቂኝ። አልደረሰኝም በዪና ስልኩን አንቺ ቅደሚ ዝጊው፤ እኔ እንድዘጋው አይፈቀድልኝ ይሆናል።

እግዚአብሔር ደጃችሁን ከክፉ ይሰውርልኝ። ወገብሽን ይማርልኝ፣ በሰላም ያገናኘን።

ያሳደግሻት ታናሽ እህትሽ