ሰርጉ እስኪያልፍ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትደገፊያለሽ ወይስ የገዛሁልሽን ምርኩዝ መያዝ ጀመርሽ? አልጀመርሽም፣ አውቅሻለሁ፤ አሮጊት ያስመስለኛል ብለሽ ከበሩ ኋላ አቁመሽዋል። እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ ሥራ እገባለሁ፣ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ፣ እመለሳለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ ይገባኛል። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ ስደውልልሽ ታናሽ እህቴ ድንቡሼ አልጋዋ ላይ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። ይህን እንድትሰማ አልፈልግም። መነጽርሽን አድርገሽ ብቻሽን አንብቢው። ለአክስቴ እንዳታሳያት፤ እሷ ካወቀች ሰፈሩ ሁሉ አወቀ ማለት ነው።

ሰርጉን ለምን አራዘምሽው ብለሽ ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ ዋሽቼሻለሁ። አዳራሽ ጠፍቶ አይደለም። ከእጮኛዬም ጋር አልተጣላንም፤ ያ ኤሌክትሪሺያን እንኳን ከሰው ከቆጣሪም ጋር አይጣላም። ምክንያቱ ድንቡሼ ናት።

ያንን ስም ስናወጣላት ጉንጯ እንዴት እንደነበር ታስታውሻለሽ? አሁን ብታያት ስሙ ሹፈት ይመስልሻል። ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ራሷ ለቀቀች ያልኩሽም ውሸት ነው። ለሚጥላት በሽታ የምትወስደው ኪኒን እንቅልፍ ያመጣባታል፤ እዚያ ደግሞ ላንቀላፋ ሰው ምሕረት የለም። ሁለት ጊዜ ማሽኑ ላይ ስታንጎላጅ አግኝተዋት ማስጠንቀቂያ ጻፉባት። እሷም ሥራዬን አጣለሁ ብላ የጠዋቱን ኪኒን መዝለል ጀመረች። ለእኔ ትንፍሽ አላለችም። ወር ሳይሞላ ያ ሁሉ ሰው እያየ ከነወንበሯ ወደቀች። አለቃዋ ለራስሽ ደህንነት ነው ብሎ አሰናበታት። አብረዋት ምሳ ይበሉ የነበሩት ልጆች ዕቃዋን በላስቲክ ቋጥረው ለጥበቃው ሰጡላት፤ በእጃቸው ሊሰጧት እንኳ አልደፈሩም። የክፍል ጓደኛዋ እናት ልጄን ከሷ ወንበር አንሱልኝ ያለች ጊዜ ትዝ አለኝ። ያኔ ግን አንቺ ነበርሽ። ትምህርት ቤት ድረስ ሄደሽ ስትሟገቺላት ድምፅሽ እስከ ግቢው በር ይሰማ ነበር።

እማዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

የእጮኛዬ እናት ሊጠይቁን ሲመጡ ምን ላድርግ ብዬ ደውዬልሽ ነበር። ሰርጉ እስኪያልፍ ብቻ አይዩአት፣ በዘር ነው ብለው ይሸሹሻል አልሽኝ። ዕቃ እያጠብኩ ስለነበረ ስልኩን ላውድ አድርጌው ነበር፤ ድንቡሼ ሰማችሽ። ተነስታ ጫማዋን አደረገች። በአንቺ ላሳብብ አልፈልግም፤ አከራያችንን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የለመንኳቸው እኔ ነኝ፣ በሩን ከውጭ የዘጋሁትም እኔ ነኝ። እንግዳዬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጫወቱ። እኔም ስቀልድና ስስቅ ነበር። ስከፍተው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ በሽታው ጥሏት ኖሮ የፊት ጥርሷ ተሰብሯል፣ ደሙ አገጯ ላይ ደርቋል። ከነቃች ቆይታለች። ለምን አልተጣራሽም ብላት ሴትዮዋ እንዳይሰሙ ብዬ ነው አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማልቀስ ተወች። እኔ ሞኟ ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ! የሰርግ ቀሚስሽን እኔ ካልሰፋሁት ብላ ጨርቅ አስገዛችኝ። ደህናውን ካፖርቷን ለአከራያችን ልጅ ሰጠቻት። ሥልጠና ላስመዝግብሽ ብላት ፈገግ ብላ፣ ከሰርጉ በኋላ ሁላችሁም ይቀልላችኋል አለችኝ። እኔ ያልገባኝ ኪኒኗን የምትወስድበት ክሊኒክ ያለችው ነርስ ገባት። ድንቡሼን ደጅ አስቀምጣ እኔን አስገባችኝ። ሕመሙ፣ ሌሊት እንቅልፍ ማጣቷ፣ ከሥራ መባረሯ፣ መደበቋ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተጫነ ነው ልጅቷን ያደከማት፤ ኪኒን ብቻውን አያነሳትም አለችኝ። የፈራሽውን ነገር ሳታድበሰብሺ ጠይቂያት ብላ መከረችኝ።

ቤት እንደገባን፣ ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ቀሚሱ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ቀና ሳትል፣ አይዞሽ፣ ሰርግሽን አላበላሽብሽም አለችኝ።

ይህችን መስመር ደግመሽ አንብቢያት፣ እናቴ። እኔ ቀንም ማታም እያነበብኳት ነው።

በማግስቱ ሰርጉ ተራዝሟል ብዬ ለሁሉም ተናገርኩ። ለእጮኛዬ እውነቱን ዘርግፌ ነገርኩት። ይህን ያህል ፈሪ መስዬሽ ነበር ወይ አለኝ፤ አፈርኩ። እናቱ ግን ከሰሙ ወዲህ አልመጡም። ድንቡሼ በየሐሙሱ ነርሷ የላከቻት ሐኪም ዘንድ እየሄደች ትነጋገራለች። ኪኒኑም ተቀይሮላታል። ብቻዋን አልተዋትም፤ እኔ ሥራ ስገባ አከራያችን ሽንኩርት ላጪልኝ፣ ይህን ስፊልኝ እያሉ ከአጠገባቸው አያርቋትም። ለውጥ አለ ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ ውሸት በቅቶኛል።

ቀሚሱ አልቋል። ለክቼው ወገቡ ጠበበኝ አልኳት፣ ፈታችው። መልሳ ስትሰፋው ሰፋኝ አልኳት። ትናንት ደግሞ እጅጌው አስጠላኝ ብዬ አመጣሁ። እንዲህ ያለች ነዝናዛ ሙሽራ አይቼ አላውቅም ብላ ሳቀች፤ ቁጭ ብላም እጅጌውን መፍታት ጀመረች።

ነይልን፣ እማዬ። ለሰርግ አይደለም፣ እንዲሁ ነይ። ክንዷን ይዘሽ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያያችሁ፣ ገበያ ይዘሻት ሂጂ። ስለ ሰርጉ ቀን ግን ከሷ ፊት አፍሽ እንዳያመልጥሽ አደራ። ጠዋት ጠዋት ስነቃ እያየችኝ ነው የማገኛት። ቀኑ ተቆረጠ ወይ ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልን፣ ጉልበትሽን ያበርታልን። ስትመርቂን የእኔን ድርሻ ለሷ ጨምሪላት።

ታላቋ ልጅሽ