የዳማ ቀኝ ጎን

ጥቅምት 11

ጀሶው ከተፈታ ዘጠኝ ቀን። ጉልበቱ ያው ነው። ገትሮ ቀርቷል። ባለቤቴ ሸጋ ገበያ ሄዳለች። ጭጋጉ እስከ አራት ሰዓት አልተነሣም... እንጅባራ ናት እንግዲህ፣ ምን ይጠበቃል?

ይህን ደብተር ያወጣሁት ሥራ ፈትቼ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ የሰው ከብት መዘገብኩ። አሁን ራሴን ልመዝግብ። በሽተኛ፦ ገበየሁ። ዕድሜ፦ ስድሳ ሦስት። ጉዳት፦ የግራ ጉልበት ሎሚ ስብራት። ምክንያት... ባጃጅ።

ባጃጅ! ፈረስ ላይ የወጣሁት በስድስት ዓመቴ ነው። አንድም ቀን ወድቄ አላውቅም። ሐምሌ ላይ ከመናኸሪያ ወደ ቤት ስመለስ፣ ኩርባው ላይ፣ ሹፌሩ ስልክ እያወራ ገለበጠኝ። ከሦስት ተሳፋሪ የተሰበርኩት እኔ ብቻ።

በሽተኛው ፈረስ ቢሆን ኖሮ መዝገቡ ላይ ቀጥሎ ምን እንደሚጻፍ አውቃለሁ። አልጽፈውም።

ጥቅምት 14

ልጄ እንዳልካቸው ከባሕር ዳር በሚኒባስ ዕቃ ላከ። ጉልበት ላይ የሚታሰር፣ የሚሞቅ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር። "አባዬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ። አዲስ ፈጠራ ነው።" አሰርነው። ሸጋ ቁልፉን ተጫነች። ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ውሻው ሳይቀር ጮኸ። በአራተኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ።

ጉልበቴ የመብራት ኃይልን ደግነት ሊጠብቅ ነው? ማታ መብራት ሲመጣ ሸጋ ወገቧ ላይ አሰረችው። "ደስ ይላል" አለች። ትውሰደው።

ጥቅምት 19

ፊዚዮቴራፒ የሚሉት ቤት ሄድኩ። የምትሠራው ልጅ ዮርዳኖስ ትባላለች። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፣ ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። ጉልበቴን በፕላስቲክ ማስመሪያ ለካች።

"አርባ አምስት ዲግሪ ነው የሚታጠፍልዎት፣ አባባ።"

"ስንት መሆን ነበረበት?"

"መቶ ሠላሳ ምናምን።"

ምናምን... ተምሮ ተምሮ ምናምን።

ከዚያ መሣሪያዋን አሳየችኝ። ጣሪያው ላይ መዘውር፣ በመዘውሩ ገመድ፣ የገመዱ አንድ ጫፍ ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ ሌላው በእጄ። ራሴን በራሴ እጎትታለሁ ማለት ነው። ከጉድጓድ ውኃ የምቀዳ መስዬ አንድ ሰዓት ዋልኩ። ቀጥላ አሸዋ የሞላ ከረጢት እግሬ ላይ ልታስር አመጣች። "ለጡንቻ ነው" አለች። ጭነት እኔም አውቃለሁ ልጄ፣ አህያ ላይ ነው አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

እቤትም መዘውር አስተክሉ ብላ አዘዘች። አስተከልን። የት ይኬዳል?

ጥቅምት 27

ዛሬ ደግሞ አዝመራው። መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር እየሠራ የሚሸጠው ጎረቤታችን። አራት እግር ያለው የቀርከሃ መደገፊያ ተሸክሞ መጣ። "ጋሽ ገበየሁ፣ ስልክ ላይ አይቼ ከራሴም ጨምሬበት ነው የሠራሁት!" የጨመረው ሳይሆን አይቀርም የሚጮኸው። በተራመድኩ ቁጥር ሲጥ... ሲጥ... ሲጥ። ግቢ ውስጥ ብቅ ስል ዳማ ጆሮውን ቀስሮ ገመዱን ሊበጥስ ደረሰ። የገዛ ፈረሴ ፈራኝ።

መካከሉን ቀዶ ለመጸዳጃ ቤት ያመጣልኝን ወንበር በተመለከተ ምንም አልጽፍም።

ተጠቅሜበታለሁ። በቃ።

ኅዳር 5

አበረ ሊጠይቀኝ መጣ። የፈረስ ቡድናችን አለቃ ነው፣ አርባ ዓመት ጎን ለጎን ጋልበናል። ሲቀመጥ ጉልበቱን ይዞ ቀስ አለ። "ብርዱ ነው" አለ። እኔ መች ጠየቅሁት?

ዞሮ ዞሮ የመጣበትን ተናገረ። ጥር ሃያ ሦስት፣ የፈረሰኞች በዓል ሰልፍ ላይ ቡድኑ ሰው እንዳይጎድለው...

"ዳማ ይሰለፍ። አንተ ከሽማግሌዎቹ ጋር ዳስ ውስጥ ተቀመጥ። ዳማን የወንድሜ ልጅ ይውጣበት።"

"ማነው ያለው?"

"ደንቡን አንተው ነህ ያወጣኸው። በሰው ተደግፎ የወጣ አይሰለፍም።"

እውነቱን ነው። እኔ ነኝ ያወጣሁት። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንድ ሽማግሌ ሁለት ሰው ተሸክሞ ሲያወጣቸው አይቼ ሰልፉን አዋረዱት ብዬ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ አልመጡም። አሁን ነው ትዝ ያሉኝ።

"እስከ ጥር እወጣለሁ" አልኩት።

"እስቲ" አለ። እስቲ!

ኅዳር 6

አለቀስኩ። ሸጋ ቤት አልነበረችም።

ኅዳር 16

የዛሬው ጉድ ይጻፍ። አዝመራውን በዐሥር ቀን መወጣጫ ሥራልኝ ብዬው ነበር። አምስት ደረጃ ያለው፣ ግራና ቀኝ መያዣ ያለው፣ ከዳማ ግራ ጎን የሚቆም። ጫፉ ላይ ቆሜ ቀኝ እግሬን አሻግሬ ቁጭ ልል። ሠራው። ወጣሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ጧ! አዝመራው በሁለት እጁ ባይቀበለኝ ኖሮ ሁለተኛውም ሎሚ ሄዶ ነበር።

ቀርከሃው እርጥብ ነው። ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው የተቆረጠ ለጋ። "አንተ ቀርከሃ ሠሪ ነህ?" ብዬ ጮህኩበት። "ጋሼ፣ ይድረቅ ስልዎት ጊዜ የለኝም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?" አለኝ ቀስ ብሎ። ነኝ። እሱን መቼ ካድኩ?

ወሬው አበረ ጋ ደርሶ ደወለ። "ጥር ላይ ደረጃህን በትራክተር ነው የምታመጣው?" አለ። ሲስቅ ሳል ያዘው። ደስ አለኝ።

ኅዳር 20

ዮርዳኖስ መዘውሩ በትክክል መተከሉን ልታይ እቤት መጣች። የተሰበረውን መወጣጫ አየች። ምን እንደሆነ ሸጋ ነገረቻት፣ ሳይጠየቁ መናገር ዱሮም ልማዷ ነው። ልጅቷ ዳማን ከሩቅ ቆማ ትመለከተዋለች። ፈረስ ትፈራለች።

"አባባ፣ ለምን በዚያ በኩል?"

"በየት?"

"በግራ። የማይታጠፈው እኮ ግራዎ ነው። በግራ ሲወጡ አጥፈው እርካብ ውስጥ ማስገባት አለብዎት። በቀኝ ቢወጡ ጤነኛው እርካብ ይረግጣል፣ ግራው ቀጥ እንዳለ ዞሮ ያልፋል።"

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ፈረስ በቀኝ አይወጣም ልጄ አልኳት። ለምን አለች። አይወጣማ! ለምን ይባላል? ፈረስ አስሮ ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት... ከማርቆስ ድረስ መጥታ ለአገው ፈረስ ልታስተምር! ከሄደችም በኋላ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ኅዳር 21

ግን ለምን?

ኅዳር 24

አበረን በስልክ ጠየቅሁት። ሌላ ወሬ አስመስዬ።

"አባቶቻችን በግራ ስለወጡ ነዋ።"

"እነሱስ ለምን?"

"ገበየሁ፣ የተሰበረው ጉልበትህ ነው ጭንቅላትህ?"

ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። በግራ ወገብ ጎራዴ ይታጠቃል፣ ስለዚህ በቀኝ ለመውጣት ይከለክላል። ይሆናል። እኔ ጎራዴ የለኝም። ያለኝ ስልክ ነው፣ እሱም ኪሴ ውስጥ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ለገበሬው ሁሉ "ፈረስን በግራ ቅረብ" እያልኩ አስተማርኩ። አንድም ሰው ለምን አላለኝም። እኔም ራሴን አላልኩም። እነዚያን ሁሉ ደረጃዎች ስናሠራ፣ አዝመራው፣ እኔ፣ ሸጋ... አንዳችን እንኳ ዞረን በወዲያ በኩል አልቆምንም።

ማንም እንዳይሰማ እዚህ ብቻ ልጻፈው። ልጅቷ ልክ ሳትሆን አትቀርም።

ኅዳር 28

ሸጋ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ ሞከርኩ። ዳማን ጫንኩት። በቀኝ ጎኑ ስቆም ዞሮ ግራውን ሰጠኝ። እንደገና ዞርኩ። እንደገና ሰጠኝ። የዋህ ነው፣ የተሳሳትኩ መስሎት ሊያርመኝ ነው። በሦስተኛው እርካቡን ስነካ ደንግጦ ፈነጠረኝ። ጭቃው ውስጥ በጀርባዬ።

ከፈረስ ወድቄ አላውቅም ብዬ ነበር? አሁንም አልወደቅሁም። አልወጣሁበትማ።

ብቻዬን መነሣት አቃተኝ። ያ ሲጥ ሲጥ የሚለው መደገፊያ በቅርብ ባይኖር ሸጋ እስክትመጣ እተኛ ነበር። ለአዝመራው አልነግረውም።

ታኅሣሥ 4

ዘዴው ገብቶኛል። ፈረስ በአንድ ጎኑ የለመደውን ሌላው ጎኑ አያውቀውም፣ እንደ ሕፃን ይማራል። ይህን እንኳ ለሌላ ሰው ፈረስ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን እናገር ነበር። ጠዋት ጠዋት በቀኝ ጎኑ እቆማለሁ። በእጄ ገብስ። በአገውኛ አወራዋለሁ፣ አማርኛ ሲሰማ ግብር ሰብሳቢ የመጣ ይመስለዋል። መጀመሪያ አንገቱን፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ ኮርቻውን መታ መታ። ዐሥር ደቂቃ ቆምኩ። ከዚያ በላይ እግሬ አልቻለም።

ታኅሣሥ 13

ሃያ አምስት ደቂቃ። አልዞረም።

ታኅሣሥ 19

ዮርዳኖስ ለካች። "ሰባ ዲግሪ! ምን አድርገው ነው?" ፈረስ ሳስተምር ነው አላልኳትም። መዘውሩ ነው አልኳት። ደስ አላት፣ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። የሰው ልጅ በትንሽ ነገር ይደሰታል።

ከዚያ ማስታወሻዋን ዘግታ፣ "አባባ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ዘጠና ከደረሰ ትልቅ ነገር ነው። እንደ ድሮው ግን አይሆንም" አለችኝ። ከሐምሌ ጀምሮ ሁሉም ይድናል፣ ይድናል ሲለኝ ከርሟል። እንዳልካቸው፣ ሸጋ፣ ወጌሻው፣ ቄሱ... በእነሱ ይድናል ውስጥ ስፈራ ነው የኖርኩት። ይህችኛዋ አይሆንም ስትለኝ ግን ቀለለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ስወጣ "ያ የቀኝ ነገር..." ብዬ ጀመርኩ። "አቤት?" አለች። ተውኩት። ሳል ነው አልኳት።

ጥር 2

አዝመራውን ጠርቼ በርጩማ አዘዝኩት። አንድ በርጩማ፣ ዝቅ ያለ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ። "የደረቀ ቀርከሃ ይሁን። አላጣድፍህም።" "የትኛው ጎን ነው የሚቆመው?" አለ፣ እግሮቹን በሚቆምበት መሬት ልክ ሊያስተካክል። ነገርኩት። አፉን ከፍቶ ቀረ። "ዝጋው፣ ዝንብ ይገባል" አልኩት።

ጥር 9

ወጣሁ።

ቀኙ ረገጠ፣ ግራው ገተር እንዳለ በኮርቻው ላይ ዞሮ አለፈ። እንዳለችው። ዳማ ጆሮውን አንቀሳቀሰ፣ ሌላ ምንም። ከላይ ሆኜ ግቢውን አየሁት። የሸጋን ጎመን፣ የአዝመራውን ጣሪያ... ስድስት ወር ከመሬት ሳይ የነበረውን። ሸጋ በሩ ላይ ቆማ አፏን ይዛለች። "ምን ታለቅሻለሽ፣ ሥራ የለሽም?" አልኳት።

ጥር 23

ሜዳው በፈረስ ተሞልቷል። ሁሉም አጊጧል። አበረ ከጓዶቹ ፊት በነጭ ፈረሱ አጠገብ። ዘንድሮ የሚወጣው ከድንጋይ ላይ ሆኖ ነው፣ ትንሽ ልጅ ይመስል። ማንም ምንም አይለውም፣ አለቃ ነዋ።

የወንድሙ ልጅ ዳማን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ልጓሙን አልሰጠሁትም። በቀኝ በኩል ዞርኩ። በርጩማዬን አስቀመጥኩ። ዙሪያው በሳቅ ሞላ። "ቀኝና ግራውን ረሳ!" "ኧረ አዙሩለት ሰውዬውን!" አንዱማ ሊያዞረኝ ክንዴን ያዘ። አስለቀቅሁት። ወጣሁ።

"ደንቡ!" አለ አበረ።

"በሰው ተደግፎ ነው የሚለው። በርጩማ ሰው አይደለም።"

ተሰለፍኩ። አልጋለብኩም፣ ሶምሶማ እንኳ አልሞከርኩም። በርምጃ ብቻ፣ አንድ እግሬ ከእርካብ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ ከሁሉም ኋላ። አቧራቸውን በላሁ። እንዲህ የሚጣፍጥ አቧራ ቀምሼ አላውቅም።

አጥሩ ጥግ ዮርዳኖስ ቆማለች፣ ከፈረሶቹ በጣም ርቃ። ሳልፍ በቀኝ እጇ ቀኝ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። እኔም ጎንበስ አልኩላት። ጎንበስ ማለት ብዙ አልወድም።

ዳስ ውስጥ ሽማግሌዎቹን ፈለግሁ። በእኔ ደንብ የቀሩትን እኚያን ሽማግሌ። የሉም። ያረፉት አምና ነው አሉኝ። ይህን ያህል ሳልጠይቅ ኖሬያለሁ።

ጥር 24

ጠዋት አበረ መጣ። በዋናው በር አይደለም፣ በጓሮ በኩል። ሻሽ በሚያህል ጨርቅ ፊቱን ተከናንቧል። ነጩን ፈረሱን እየሳበ። ተቀመጥ አልኩት፣ ሲቀመጥ ግራ ጉልበቱን ያዘ። ብርዱ ነው አላለም ዛሬ።

ስለ ጤፍ አወራ። ስለ ዳንግላ መንገድ አወራ። ከዚያ ወደ መሬት እያየ፣

"ስንት ቀን ይፈጅበታል? ለመልመድ?"

ልስቅ ነበር። የትናንቱ ሁሉ አፌ ላይ ነበር፣ ትራክተሩም፣ ድንጋዩም፣ "እስቲ"ውም። እኚያ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። ዋጥኩት።

"አንድ ወር። ጠዋት ጠዋት ገብስ ይዘህ ና" አልኩት። "እኔም ካንተ ጋር እቆማለሁ።"

ከሄደ በኋላ ለአዝመራው ደወልኩ። ሌላ በርጩማ አዘዝኩት። የደረቀ ቀርከሃ፣ ለቀኝ በኩል። ከእኔው ትንሽ ከፍ ይበል አልኩት፣ አበረ አጭር ነው።