እጅሽን ባዶ ያደረግሁበት ቀን

ውድ ንካንዱ፣

ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ወቀሳ ሆኖብኝ ቀደድኩት፤ ሁለተኛው ምክር ሆነብኝ። ይኸኛውን ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ አንዴ በሩን ልዘጋ፣ አንዴ የዘጋሁትን ልከፍት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሕፃናትን «ቁጭ በሉ» ስል የኖርኩ አስተማሪ፣ አንድ ገጽ ቁጭ ብዬ መጨረስ አቃተኝ።

እጮኛሽ ላክሰን ማክሰኞ ዕለት መጥቶ ነገረኝ። የሚመጣው ሳምንት አርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሶልዌዚ ማዘጋጃ ቤት የጋብቻ ውል ትፈራረማላችሁ። ምንጣፍ የለም፣ ከበሮ የለም፣ «አክስቴም ባትመጣ ይሻለኛል» ብለሻል። ሳይጨምር ሳይቀንስ አድርሶልኛል። የምጽፈው ሐሳብሽን ላስቀይር አይደለም። ከዚያ አርብ በፊት ልታውቂው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ የደበቅሁትም እኔ ነኝ።

በቅደም ተከተል ልሂድ።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል በዋለው ቅዳሜ፣ እዚህ ሉዋንሺያ ግቢያችን ውስጥ ሰባ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ወንበሩን የደረደርኩት እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን አልስትም። አንቺ ምንጣፉ ላይ እግርሽን ዘርግተሽ፣ የቺቴንጌ ጨርቅ ተከናንበሽ፣ ዓይንሽን ወደ መሬት ጥለሽ ተቀምጠሻል። ናቺምቡሳሽ፣ የሙሽርነት አስተማሪሽ፣ እኔ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ አስራ ዘጠኝ ሙሽሮችን አስተምሬ ምንጣፍ ላይ አስቀምጫለሁ፤ አንዳቸውም ሙሽራው ጨርቁን ሳይገልጥላቸው አልተነሱም። ሃያኛዋ የወንድሜ ልጅ፣ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ እኔው ያሳደግኋት አንቺ ነበርሽ። ኮርቼ ነበር።

ዓይን መጣሉ አላስቸገረሽም። ከልጅነትሽ ጀምሮ የሰው ፊት አታዪም፤ እኔም «ሰው ሲያናግርሽ ቀና በይ» እያልኩ አገጭሽን በጣቴ ስገፋ ኖሬያለሁ። የዚያን ቀን ግን ሴቶቹ «ኧረ እንዴት ያለች ጨዋ ሙሽራ ናት!» ሲሉ ሰማሁ። ያ ዕድሜ ልክሽን ስቆጣሽ የኖርኩበት ነገር ለአንድ ቀን ክብር ሆነልሽ። ያኔ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

ከጨርቁ ሥር ጣቶችሽ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። የስፌት መኪና ክር የሚጠቀለልባትን ያቺን ትንሽ ክብ ብረት ታሽከረክሪ ነበር። ገበያ ለገበያ እየዞርሽ የስፌት መኪና ስለምትጠግኚ፣ ኪስሽ ከእሷ ተለይቶ አያውቅም። ጎንበስ አልኩ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ተይልኝ አክስቴ። እሷ ካለች እቀመጣለሁ።»

«የሙሽራ እጅ ባዶ ነው። አምጪ።»

«ከበሮው ራሴ ውስጥ ገብቷል። እባክሽ፣ አክስቴ…»

«አምጪ አልኩሽ!»

ከላክሰን ወገን አንዷ ሰማችና «ኡኡቴ! ሙሽሪት ስጦታውን ከወዲሁ ደበቀች!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ብረቷን ሰጠሽኝ። እኔም ሁሉም እንዲያዩ ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ይህን የማደርግበት ምንም ምክንያት አልነበረኝም፤ የወሰድኩት ይበቃ ነበር።

ሰዓቴን አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆየሽ። ከዚያ ጨርቁን ጥለሽ በባዶ እግርሽ በበሩ ወጣሽ። እኔም ከኋላሽ «እኔ አስተምሬያታለሁ፤ ይቺ ግን ለቤት የምትሆን ሴት አይደለችም» አልኩ። በሩ ላይ ሆነሽ እንደሰማሽው በኋላ አወቅሁ።

(አሁን ተነስቼ ነበር። ውሃ ልጠጣ ሄጄ አትክልት አጠጥቼ ተመለስኩ፤ ውሃውን አልጠጣሁም።)

በሰኔ ላክሰን የሐኪም ወረቀት ይዞ መጣ። በወጋችን አማች የሚስቱን እናት፣ በእናት ቦታ ያለችውንም፣ ፊት ለፊት አያይም። ስለዚህ ከበሩ ውጭ ቆሞ፣ ጀርባውን ግማሽ አዙሮ፣ ለማንጎው ዛፍ ያወራል። ለዚህ ደግሞ ማንም ሐኪም ዘንድ አልወሰደውም።

«እማማ፣ ንካንዱ ኪትዌ ከተማ ሐኪም ዘንድ ቀርባለች።»

«ታመመች?»

«አልታመመችም። በልጅነቷ የሚያውቃት ሰው የሚሞላው ጥያቄ አለ።»

«እሷ ናት የላከችህ?»

«አይደለችም። ልሄድ ነው ብዬ ግን ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለች?»

ወደ ማንጎው እያየ «“በቀይ እስክሪብቶ ታርመዋለች” አለች» ብሎ መለሰ።

በሰማያዊ ነው የሞላሁት። ስልሳ ጥያቄ ነበር፤ አንዱንም አልዘለልኩም። ዕቃ በተርታ ትደረድር ነበር? አዎ፣ ጠርሙስ ክዳን፣ በቀለም። የሰው ንግግር ታቋርጥ ነበር? አዎ። የጀመረችውን ሳትጨርስ ሌላ ትጀምር ነበር? አዎ። ድምፅ፣ ሽታ፣ የልብስ ስፌት ያስጨንቃት ነበር? አዎ፣ የደንብ ልብሷን አንገትጌ በጥርሷ ቀዳዋለች። አርባኛው አካባቢ ስደርስ አንድ ነገር አየሁ፤ ከመልሶቹ ጎን በእርሳስ፣ ሳላስበው፣ «እኔም» እያልኩ ጽፌአለሁ። ቆጠርኩት፤ አስራ ስምንት ጊዜ። በላጲስ አጥፍቼ ላክሁት።

የሐኪሙን መልስ ከእኔ በፊት አንቺ ሰምተሻል። ኦቲዝምም አለ፣ ሐሳብንም ገላንም አላሳርፍ የሚለው ኤዲኤችዲም አለ፤ ሁለቱም በአንድ ሰው። ላክሰን ሲያስረዳኝ «አንዱ ሁሉም ነገር ቦታው ይሁን ይላል፣ ሌላው ዕቃውን ቦታው ላይ ማኖር ይረሳል፤ ከዚያ አንዱ ሌላውን ይቆጣል» አለኝ። ለራሴ ስም አላወጣም። ሐኪም አላየኝም፤ ያልተፈተንኩትን ፈተና አለፍኩ አልልም። የእርሳሱን ጽሑፍ ግን ላጲስ ከወረቀት እንጂ ከእኔ አላጠፋውም።

ሐምሌ ላይ ያንኑ ምንጣፍ አወጣሁ። ሰዓት አጠገቤ አስቀመጥኩ፣ ቺቴንጌ ተከናነብኩ፣ እጄን ባዶ ጉልበቴ ላይ አኖርኩ። የመጀመሪያው ቀን አስራ አንድ ደቂቃ ቆየሁ። ሁለተኛው ቀን አስራ አራት። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ባና ካኦማ ሳታንኳኳ ገባች። እሷ የዓሣ ጎሳ፣ እኛ የአዞ፤ እንደፈለገች ትሰድበኛለች፣ መቀየም በወጋችን ክልክል ነው።

«ውይ ውይ! አዞዋ ሞተች! ማን ነው የከፈናት?»

«ሂጂልኝ፣ እየቆጠርኩ ነው።»

«ምኑን?»

«ደቂቃ።»

«በስድሳ አራት ዓመትሽ ልትዳሪ ነው? ባልየው ለመሆኑ ዓይኑ ያያል?»

«ባና ካኦማ!»

«እሺ እሺ። ዓሣ ምን አገባው፣ አዞ ሲደርቅ ደስ ይለዋል።» አጠገቤ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ወደ እጄ አየት አድርጋ፣ በሌላ ድምፅ፣ «ጣትሽ ግን ምን ሆኖ ነው? የጠፋበትን ዕቃ የሚፈልግ ይመስላል» አለች።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፣ ንካንዱ። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም ብልሽ እዋሻለሁ፤ ትዝ ሲለኝ ፊቴን እያዞርኩ ነው የኖርኩት።

እኔ ሙሽራ ሳለሁ ናቺምቡሳዬ ባና ቺቱታ የምትባል ቁጡ ሴት ነበረች። በትምህርቱ ሰሞን መቀመጥ አቅቶኝ በቀጭን አርጩሜ ትነካኝ ነበር። በምንጣፉ ቀን ግን ጨርቁን ልታለብሰኝ ስትጎነበስ፣ ለሙሽሮች ማስተማሪያ ከሚሠሩት የሸክላ ምስሎች ትንሿን ኤሊ መዳፌ ውስጥ ከተተችልኝ። «ያዣት» አለችኝ በጆሮዬ፤ «እጅሽ ሥራ ካገኘ ሌላው ገላሽ ያርፋል። ማንም አያይሽም።» ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቺን ኤሊ በጥፍሬ ስፈቀፍቅ ዋልኩ። ጨርቁ ሲገለጥ ጭንቅላቷ አልነበረም። ሴቶቹ ግን «እንደ ድንጋይ ተቀመጠች!» ብለው እልል አሉልኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ። ወደድኩትም። ድንጋይ ተባልኩና ድንጋይ ነኝ ብዬ አመንኩ፤ ከዚያ አስራ ዘጠኝ ሙሽሮችን «የሙሽራ እጅ ባዶ ነው» ብዬ አስተማርኩ።

ለአንቺ የነፈግሁሽ ለእኔ የተሰጠኝን ነው። የምናዘዘው ይህን ነው። ባለማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ወረቀት ባልፈጀብኝ።

በነሐሴ መጀመሪያ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ናቺምቡሳዎቹ ሲሰበሰቡ ተነስቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ስለ ኤሊዋም፣ ስለ ብረቷም። «ንካንዱ አልወደቀችም፤ የወደቅሁት አስቀማጯ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ታላቃችን ባና ምፉላ «ታዲያ ከእንግዲህ ሙሽራ ሁሉ መጫወቻዋን ይዛ ትምጣ?» አለች። ሳቁብኝ። ከኋላ አንዷ ግን «እኔ እኮ የውስጥ ልብሴን ጠርዝ ስተረትር ነው የዋልኩት! ባሌ ሲገልጠኝ እግሬ ሥር የክር ክምር ነበር» አለች። ሌላዋ «እኔ በልቤ የአውቶቡስ ጣቢያዎችን ስም ስደግም ነበር፣ ከዚህ እስከ ምፑሉንጉ!» አለች። የተናገሩት አምስት ብቻ ናቸው። ባና ምፉላ አልሳቀችም። «እንግዲያው ለጊዜው ሙሽራ አትቀበዪ፤ ወጉን ለሚያከብር ልቀቂ» አለችኝ። ለቀቅሁ። አከራክሬ ነበር ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልተከራከርኩም።

ማክሰኞ ላክሰን ሲመጣ ያቺን ብረትሽን ሰጠሁት። አመስግኖ ኪሱ ከተታትና «ሌላ አስራ አምስት አላት፣ እማማ» አለኝ። ይገባኛል። ከዚያ እንዴት እንደምትኖሩ ጠየቅሁት። ለማንጎው ዛፍ ሁሉንም ነገረው።

«ሁለት ክፍል ነው ያለን። አንዱ ውስጥ ምንም ነገር ከቦታው አይነቃነቅም፤ እኔም ኩባያ አላነሳም። ሌላው ውስጥ የተጀመረ ሁሉ ሳያልቅ መቀመጥ ይችላል። አሁን እዚያ ሦስት የተፈታ መኪና፣ ግማሽ ወንበርና አንድ ዶሮ አለ።»

«ዶሮ?»

«እሷም ተጀምራ ነው።»

«ምግብስ? ስትሠራ መብላት ትረሳለች።»

«ጎረቤታችን ቲማቲም ሻጯ ጣሳ ትመታለች። “መካኒክ! ሆድሽ ይጠራሻል!” ትላታለች። በየቀኑ ያው የንሺማ ገንፎ፣ ያው የደረቀ ዓሣ ነው። ንካንዱ መፍቻዋን ጥላ ትሮጣለች፤ መፍቻውን መፈለግ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።»

«ስትጣሉስ?»

«ተቀምጠን አንጣላም። የምንጣላው እስከ ድልድዩ እየተራመድን ነው። ከባድ ከሆነ ሁለት ጊዜ እንመላለሳለን።»

«አይደክምህም?»

«ይደክመኛል አንዳንዴ። እሷም በእኔ ይደክማታል። አፏጫለሁ፣ እማማ፤ ሳላውቀው ነው የማፏጨው። ለእሷ ጆሮ ምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ድልድዩ ጋ ስደርስ አፏጫለሁ፤ ቤት ስገባ እተዋለሁ።»

እኔ ሳሳድግሽ ግድግዳ ላይ ሰባት ገጽ የጊዜ ሰሌዳ ለጥፌልሽ ነበር፤ ጥርስ መፋቂያው እንኳን ደቂቃ ተሰጥቶት። በየሳምንቱ እቀይረው ነበር፤ እያሻሻልኩት ይመስለኝ ነበር። እኔም ልከተለው ስላልቻልኩ እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ጣሳ የምትመታ ጎረቤት አስፈልጋሽ ሳለ እኔ ደቂቃ ሰጠሁሽ። ያለ እኔ ደህና እየኖርሽ ነው። ይህን ስጽፍ ደስ ይለኛል፣ ያመኛልም፤ የትኛው እንደሚበልጥ አልለየሁም።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ። ፍንጭ እንደማትወጂ አውቃለሁና በግልጽ እጽፈዋለሁ።

አርብ ልምጣ?

መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «ነይ» ወይም «ቅሪ»። በላክሰን ስልክ ይበቃል። ምክንያት አልጠይቅም፣ በሌላም ሰው አላስጠይቅም። እስከ ረቡዕ ምሽት ምንም ካልመጣ «ቅሪ» ብለሽኛል ብዬ እወስደዋለሁ፤ መልስ መጻፍ ከብዶሽ እንደሆነም አልቀየምም።

«ነይ» ካልሽኝ ከኋላ እቀመጣለሁ። እልል አልልም፤ ጆሮሽን አውቃለሁ። አንቺ ካልመጣሽ አላቅፍሽም። ዓይንሽንም አልፈልገውም፤ የትም ብታሳርፊው የእኔ ጉዳይ አይደለም።

«ቅሪ» ካልሽኝ፣ «በአጋጣሚ በዚያ ሳልፍ» ብዬ አልመጣም። ባና ካኦማንም ልኬ አላሳይም። አርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እዚሁ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ፈርማችሁ እስክትወጡ ድረስ አልነሳም፣ በር አልዘጋም፣ በር አልከፍትም። በዚህ ዓለም ላይ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሳልነግርሽ የምታውቂልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

አክስትሽ
ባና ካሶንዴ
ሉዋንሺያ