የበዓለ ሃምሳው ጉርሻ

ለመምሬ፣ ለልጆቼ አባት፤

ከተለያየን ድፍን ዓመት ሆነን። ሰው ፊት አንቱ፣ ጓዳ ስንገባ አንተ የምልህ ሚስትህ ነኝ። መሠረተ ትምህርት ካልገባሽ ብለህ የጨቀጨቅከኝ አንተ አይደለህ? ይኸው ጻፍኩልህ።

ደብራችን ገነተ ማርያም ደህና ናት። ላማችን ወልዳለች። በቅሎህም አለች፤ የሚቀመጥባት ግን የለም። የደሴው ሐኪም ደምህ ውስጥ ስብ በዝቷል፣ ኮሌስትሮል ይባላል፣ ቅቤና ጮማ ተው፣ በእግርህ ሂድ ያለህ ጊዜ፣ እሷን ከኋላ እየሳብክ ላሊበላ ድረስ ትሄድ ነበር። ሰዉ በቅሎዋ ታማለች ወይ ሲልህ አንተ ትስቃለህ፤ እኔን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁዳዴን በደህና ዘለቅኸው። ዳገቱን ሳታርፍ ትወጣ ጀመር። ፋሲካ አለፈና፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ፣ ቅቤ የሌለው ሽሮ አምጪ አልከኝ። አበድኩ! ጌታ ተነሥቶ ቄስ ይጾማል እንዴ፣ ሕዝቡ ምን ይላል አልኩህ። ጾም አይደለም፣ መድኃኒቴ ነው ብትለኝ ማን ሰምቶህ። ያን ክፉ ቀን እፍኝ ቆሎ ተካፍለን አልፈን፣ ቅቤ ቤቴ ሲገባ ላንተ ካላቀረብኩ ለማን ላቅርብ? በቅቤ የራሰውን ጠቅልዬ በሞቴ አልኩህ። በሞቴ ስልህ እንቢ ማለት አታውቅበትም። በየቀኑ በሞቴ አልኩህ።

ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ፣ ከቅዳሴ ስትመለስ ደረትህን ይዘህ ወደቅህ።

ዘንድሮ ጋሸና የሚያስተምረው ልጃችን ሞገስም ያንኑ ስብ ተገኘበት። ደሴ አብሬው ሄጄ ሐኪሙን ስለ አንተ ጠየቅኩት። በሽታው የቆየ ነው፣ የአንድ ሰሞን ቅቤ ብቻ አይደለም አለኝ። እግዜር ይስጠው፤ ልቤ ግን እሺ አላለም።

ለፋሲካ ሞገስ መጣ። ዶሮውን ቆዳውን ገፍፌ፣ ያለ ቅቤ ሠራሁለት። እህትህ የራሷን ወጥ ይዛ መጥታ፣ ምነው ልጁን በበዓል ቀን አስራብሽው ብላ ጠቀለለችና በሞቴ አለችው። እጇን አየር ላይ ያዝኩት። ተቀየመችኝ፤ ትቀየም። ከምሳ በኋላ ሞገስ በቅሎህን እየሳበ በእግሩ ወጣ፤ በር ላይ ቆሜ እስኪርቅ አየሁት። ያኔ አንተንም እንዲህ ብሸኝህ ምን ነበረበት?

መምሬ፣ ይቅር በለኝ። ማዕድ በቀረበ ቁጥር አስብሃለሁ። ከእንግዲህ ለማንም በሞቴ አልልም፤ በሞቴ ያልኩህ እኔ አለሁ፣ አንተ ነህ የሞትከው።