በሐበሻ ነው በፈረንጅ?

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ጫማው ጠበበኝ። ማህሌት በስልክ "አባዬ፣ አንድ ቁጥር ጨምረህ ግዛ፤ ቁልቁለት ላይ ጣትህን ይመታሃል" ብላኝ ነበር። ሻጩ ግን ልክህ ይሄ ነው አለኝና አመንኩት። ሠላሳ ዓመት ነግጄ ሻጭ ያመንኩት ዛሬ ነው። በረራዬ ነገ ጠዋት ስለሆነ የመቀየሪያ ጊዜ የለም። በቀጭን ካልሲ እሄዳለሁ።

ሻንጣ ውስጥ የገባው፦ ቆሎ፣ ሁለት የጾም ዳቦ፣ ኦቾሎኒ፣ ወፍራም ሹራብ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴ፣ ይህ ደብተር። ሑዳዴ ነው፤ በረሃ ላይ የጾም ምግብ ማን ይሸጥልኛል?

የምሄድበትን ምክንያት እዚህ ልጻፈው። ልጄ ፋርማሲስት ናት፤ እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ሮዝዌል ውስጥ ጥሩ ሥራ ነበራት። ባለፈው ዓመት ለቀቀችና ወደ ምዕራብ ሄደች። እዚያ ቱሪስት እየመራች በረሃና በረዶ ላይ ታዞራለች። "አንዴ መጥተህ እየው፣ ከዚያ የፈለግከውን በል" አለችኝ። ሄጄ አየዋለሁ፣ ከዚያ ይዣት እመለሳለሁ።

የነገውን ጭነት አስተካክዬ ጨረስኩ። አቮንዴል ምግብ ቤት ያለው ግርማ "ሽንኩርቱን ሁለት ሰዓት ላይ አድርስልኝ" አለ። "በሐበሻ ነው በፈረንጅ?" አልኩት። ሳቀብኝ። "ሰውዬ፣ እስከ ዛሬ ትጠይቃለህ?" እጠይቃለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ መኪና ሙሉ ቲማቲም በተዘጋ ምግብ ቤት በር ላይ ስድስት ሰዓት ፀሐይ በላው። እኔ ሁለት ስል ጠዋት ነበር፣ ባለቤቱ ሁለት ሲል ከሰዓት በኋላ። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ ቀጠሮ ይዤ አላውቅም። ልጄንም እጠይቃለሁ፤ እሷማ ባንድ አፍ ሁለቱንም ነው የምትቆጥረው። ስጠይቃት ዓይኗን ታንከባልላለች።

ዓርብ፣ መጋቢት 4

ላስ ቬጋስ ላይ ተቀበለችኝ። ጠቁራለች፣ ከስታለች፣ እጇ የግንበኛ እጅ መስሏል። አቅፋኝ ብዙ ቆየች። ሻንጣዬን ነጥቃ በአንድ እጇ መኪና ላይ ወረወረችው። እኔ በሁለት እጅ ነበር የጎተትኩት።

የምንሄድበት ቦታ "የሞት ሸለቆ" ነው የሚባለው። እንዲህ ያለ ስም ለጥፎ የመግቢያ ቲኬት የሚሸጥ ሰው ከእኔ የበለጠ ነጋዴ ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ጨው ላይ ዋልን። መሬቱ ነጭ ነው፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። በስተ ምዕራብ ተራራው በረዶ ለብሶ ቆሟል፤ እኛ እታች በላብ ተጠምቀናል። ከዳር ከዳሩ ድንጋዩ መሐል ቢጫ አበባ ወጥቷል። ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የሚቆየው አለችኝ። ከፊቴ ትሄዳለች፣ የጫማዋን ክር የምታስር መስላ ትጠብቀኛለች። እንዳወቅሁባት አልነገርኳትም።

"አፋር ውስጥ ይህን ቆርጠው በግመል ጭነው ይሸጡታል" አልኳት። "እናንተ ፎቶ አንሥታችሁ ትሄዳላችሁ።"

"አባዬ፣ ስንት ሰከንድ ቆየህ ሳትሸጠው?" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በጠባብ ጫማ አምስት ማይል ሄድኩ። እዚህ ድረስ ቀኑ ጥሩ ነበር።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ስልኬ ጠራ። ስልኩን ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር ያገናኘችው እሷ ናት። ግርማ ነው። ስለ ሽንኩርቱ ተናግሮ ሲያበቃ "ልጅትስ? አዲሱን ፋርማሲ ለመደችው?" አለ። "ደህና ናት፣ ለምዳዋለች" ብዬ ዘጋሁ።

እጇን ዘርግታ ድምፅ ማጉያውን አጠፋች። "የትኛውን ፋርማሲ ነው የለመድኩት?"

ቤተ ክርስቲያን ላለው ሰው ሁሉ ሥራ ተቀይራ ነው የሄደችው ብዬ ነግሬያለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ። መካድ አልቻልኩም፣ ይቅርታም አልጠየቅሁም። እንዲያውም ብሶ፣ "እረኛ ለመሆን ፋርማሲ መማር አያስፈልግም ነበር" አልኳት።

"ኦኬ" አለች። ከዚያ እስከ ተራራው ድረስ ሦስት ሰዓት ነዳች።

እሑድ፣ መጋቢት 6

ተራራው ሥር ነኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብቻዋን ወጣች፤ ነገ አምስት ሰው ይዛ ስለምትወጣ በረዶው መንገዱን ዘግቶት እንደሆነ ልታይ ነው። የበረዶ ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ "በአንድ ሰዓት ካልወረድኩ ለፓርኩ ጠባቂዎች ንገራቸው" አለች። "እሺ" አልኩ። ከትላንት ወዲህ የተነጋገርነው ይኸው ነው። የያዘችው አንድ ጠርሙስ ውኃና የእኔን ግማሽ ዳቦ ነው። ለቀን ሙሉ አይበቃም ልላት ነበር። ተውኩት።

እንግዶች የሚሞቁበት የእንጨት ቤት ውስጥ ተቀምጫለሁ። ጠባቂዎቹ ቢሯቸው ከጎን ነው። እዚያ ላይ ስልክ አይሠራም። ስትወርድ የምነግራትን ጻፍኩ፦

ታከር ያለው ቤቴ ፎቁ ባዶ ነው።
የፋርማሲ ፈቃዷ ገና አልተቃጠለም።
መጋዘኑን ከእኔ በኋላ የሚይዝ የለም።

ይቅርታ የሚል ልጨምር አሰብኩና አልጨመርኩም። መጀመሪያ እሷ ትጀምር።

አሁን አሥር ሰዓት ሆኗል። ደመናው እስከ ዛፎቹ ወርዷል። እስከ አንድ ሰዓት ገና ሦስት ሰዓት አለ። ሁለተኛ ሻይ ጠጣሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 7

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ አልጨርሰውም።

ልክ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ጠባቂዎቹ ገባሁ። ሊመሽ ነው። ልጄ አልተመለሰችም አልኩ። አንዱ ወረቀት አወጣና በምን ቃል እንደነገረችኝ ጠየቀ። የተናገረችውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለስኩለት፦ በአንድ ሰዓት ካልወረድኩ። ሰውየው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ሰባት ይላል። "አንድ ካለፈ እኮ ስድስት ሰዓት ሆነው" አለኝ።

ቃሉን በእንግሊዝኛ ከገዛ አፌ ስሰማው ነው የገባኝ።

ደንበኛ ሁሉ የሚስቅብኝ በዚያች ጥያቄ ነው። ሽንኩርት ለሚያዝዝ ሁሉ እጠይቃለሁ። እሷን አልጠየቅሁም፤ አኩርፌ ነበር። ውኃውንም ዳቦውንም አይቼዋለሁ። ጭነት አይቶ የመንገዱን ርዝመት መገመት እንጀራዬ ነው። የግማሽ ቀን ስንቅ ነበር።

የነፍስ አድን ሰዎች ከአራት ሰዓት ፍለጋ በኋላ አገኟት። አንድ ዛፍ ሥር ያለው በረዶ ተደርምሶ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል። ግራ እግሯ ጫማው ውስጥ ውኃ ገብቶ ቀዝቅዟል። በሕይወት አለች። ይህን ለብቻው ልጻፈው።

በሕይወት አለች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ሆስፒታል። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቿ ጠቁረዋል። ሐኪሟ ይቆረጡ አይቆረጡ ለማወቅ ሳምንታት ይፈጃል አለች። ማህሌት "ስድስት ሰዓት ቀድመው ቢያገኙኝ ኖሮስ?" ብላ ጠየቀቻት። ሐኪሟ እኔን አየችና "ለውጥ ይኖረው ነበር" አለች።

ሐኪሟ ስትወጣ፣ "በሐበሻ መስሎኝ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ። ጠባቂው ነገረኝ።" ጣሪያውን እያየች ነው የምታወራው። "ሁልጊዜ ትጠይቀኝ ነበር፣ ላይክ፣ ሁልጊዜ። ያናድደኝ ነበር። ሳትጠይቀኝ ስትቀር የገባህ መሰለኝ።"

"እሺ ልጄ።"

"እዚያ ሆኜ ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ ሦስት አለፈ። ተናዶብኝ ነው የማይመጣው አልኩ።"

የጻፍኩትን ዝርዝር ከኪሴ አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ሦስት ቀን ዘግይቼ። "ኦኬ" አለች። የቅዳሜዋ "ኦኬ" ትሁን ሌላ መለየት አልቻልኩም።

አንድ ነገር እዚህ ብቻ ልጻፍ። ሐኪሟ ስለ ጣቶቹ ስትናገር አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፦ እንግዲህ ተራራ ቀረ፣ ወደ ፋርማሲዋ ትመለሳለች። ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ ነው፤ ግን ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ታከር። ልቆይ ብላት "ሂድ፣ ጓደኛዬ ቤት ነው የማርፈው" አለች። ትላንት ማታ ገባሁ።

ዛሬ ግርማ መጋዘን መጣ። እግሯን ሰበረች ሲባል ሰምቷል፤ ከማን እንደሰማ አልጠየቅሁም። "ፋርማሲው ውስጥ ወድቃ ነው?" አለኝ።

"ፋርማሲ ከተወች ዓመት አልፏታል። ሰው ተራራ ላይ ትመራለች። እኔ ነኝ የዋሸሁህ።"

የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። "እንግዲህ እግዜር ያወቀው ነው። አሁን ልብ ገዝታ ወደ ሙያዋ ትመለሳለች" አለ። እኔ ሆስፒታል ያሰብኩትን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው አስጠላኝ። ሽንኩርቱን አስጭኜ ሸኘሁት።

ጫማውን ልመልስ ሄጄ ነበር፣ የተጫማኸውን አንቀበልም አሉ። ልክ ናቸው፤ እኔም አልቀበልም ነበር።

ማታ መልእክት ላከች። አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፦ "ነገ አራት ሰዓት ላይ እደውላለሁ።" ሌላ ምንም የለውም።

ወዲያው መለስኩላት። "በሐበሻ ነው በፈረንጅ?"

አልመለሰችም። ተኝታ ይሆናል። መድኃኒቱ ያስተኛታል።

በሐበሻ፣ በአትላንታ ከሆነ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። በሐበሻ፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በቀረው በእነሱ አገር ከሆነ ለእኔ ሰባት ሰዓት። በፈረንጅ፣ በእኛ ከሆነ አሥር ሰዓት። በፈረንጅ፣ በእነሱ ከሆነ ማታ አንድ ሰዓት።

ለሹፌሩ የነገውን ጭነት ብቻውን እንዲያደርስ ነግሬዋለሁ። አራቱንም እጠብቃለሁ።