ሣጥኑ የደረሰላቸው፣ ደብዳቤው የዘገየባቸው ጸሐፊያችን አቶ ሙሐዲን ይሻው

የአውራ ዱቄት ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር
ደብረ ታቦር፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማኅበራችን አባላት፣ ለፋብሪካው ሠራተኞችና ለከተማችን ሕዝብ፤

የማኅበራችን ጸሐፊና የህብረት ስምምነት ተደራዳሪያችን አቶ ሙሐዲን ይሻው ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ረቡዕ ሐምሌ 9 ቀን በተወለዱ በ47 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የተሰማውን መሪር ሐዘን ይገልጻል። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ የሚጻፈው ይኸው ነው፤ እኛ ግን ያለብን ሐዘን ብቻ አይደለም። ተናደናል፣ አፍረናልም፤ ሁለቱንም ሳንደብቅ እንናገራለን።

አቶ ሙሐዲን በ1970 ዓ.ም. ሐሙሲት ተወለዱ። በ1998 ዓ.ም. በጫኝና አውራጅነት ተቀጠሩ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛወሩ። ማሸጊያ ክፍልን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ዱቄቱ ከማሽኑ ወደ ከረጢት የሚወርድበት መስኮት የሌለው ክፍል ነው። እዚያ የሚውል ሰው ከፈረቃ ሲወጣ ቅንድቡ ነጭ ነው። አቶ ሙሐዲን አሥራ ሰባት ዓመት እዚያ ዋሉ።

በ2004 ዓ.ም. ከአሥራ ሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ማኅበር መሠረቱ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የተያዘው ቃለ ጉባኤ በሙሉ የእርሳቸው የእጅ ጽሑፍ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የበዓል ፈረቃ ልውውጥን ያስጀመሩት እርሳቸው ናቸው። በጥምቀት ሙስሊሞቹ ይገባሉ፣ በዒድ ክርስቲያኖቹ። ማንም በበዓሉ ቀን ማሽን ሥር አልዋለም። ይህን አሠራር ፋብሪካው አልሰጠንም፤ አቶ ሙሐዲን በሊቀመንበራችን በአቶ ዓለምነው ቤት በራፍ ላይ ቆመው፣ ክርስቲያኖቹን እንዲያግባቡላቸው ለምነው ያመጡት ነው።

በ2013 ዓ.ም. በዓመት አንዴ ይታደል የነበረው የአፍ መሸፈኛ በየወሩ እንዲሰጥ አስደረጉ። በየወሩ መሰጠቱ የቀጠለው ግን አራት ወር ብቻ ነው።

ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በህብረት ስምምነቱ ድርድር ላይ ተቀመጡ። ሠራተኛውን ከሁሉ በላይ ያሳሰበው አንቀጽ 31፣ የህክምናው አንቀጽ ነበር። እስከ ዛሬ ባለው አሠራር የታመመ ሠራተኛ ወደ ሐኪም የሚሄደው ሥራ አስኪያጁ የፈረሙበት ደብዳቤ ሲይዝ ነው። ያለ ደብዳቤ ከሄደ የህክምና ወጪው በራሱ፣ ቀኑም ከሥራ እንደ ቀረ ይቆጠርበታል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ከባሕር ዳር የሚመጡት ማክሰኞና ዓርብ ነው። እንግዲህ መታመም ያለብን ማክሰኞና ዓርብ መሆኑ ነው! የእኛ ጥያቄ አንዲት ነበረች፦ የታመመ ሰው መታወቂያውን ይዞ መጀመሪያ ይታከም፣ ወረቀቱ በኋላ ይድረስ።

ጥቅምት 15 ቀን በተደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ ከቀላሉ እንጀምር ተባለ። ይህን ሐሳብ ያቀረብነው እኛው ነን። ዕድር የለመደ ሰው ከቀብር ይጀምራል መሰለን፣ አንቀጽ 32ን አስቀደምን። አንድ ሠራተኛ ሲሞት ፋብሪካው የሬሳ ሣጥንና መኪና ወዲያውኑ እንዲያቀርብ የሚለውን አንቀጽ የጻፉት አቶ ሙሐዲን ናቸው። ሙስሊም በሣጥን እንደማይቀበር እያወቁ ለክርስቲያን ጓደኞቻቸው ብለው ጻፉት። በሩብ ሰዓት ጸደቀ፤ ከዚያው ቀን ጀምሮ እንዲሠራበትም ተፈረመ፤ እሰይ ተባባልን። የህክምናው አንቀጽ ግን ይኸው ዘጠኝ ወሩ ነው።

የታኅሣሥ 11፣ የየካቲት 14 እና የግንቦት 8 ቃለ ጉባኤዎችን ማንም መጥቶ ማየት ይችላል። በሦስቱም ላይ «በአንድ አባል ሳል ምክንያት ስብሰባው ለጥቂት ደቂቃ ተቋርጧል» ይላል። አባሉም ጸሐፊውም አቶ ሙሐዲን ናቸው። ስማቸውን ማስገባት አፍረው ነው እንዲህ የጻፉት። ከሥሩ የፋብሪካው ተወካዮች ፈርመዋል፣ እኛም ፈርመናል። አላወቅንም ማለት ለማንም አይቻልም።

ግንቦት 15 ቀን ፋብሪካው ባሕር ዳር ሄደው እንዲታከሙ ለእርሳቸው ብቻ ልዩ ደብዳቤ እንደሚሰጥ ገለጸ። እርሳቸውም «ለእኔ ብቻ ከሆነ አልፈልግም፤ አንቀጹ ላይ ይጻፍና ከማሸጊያ ክፍል ጓደኞቼ ከትዝታም ከዘውዱም ጋር እሄዳለሁ» ብለው መለሱ። አጨበጨብንላቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈትያ ቢሯችን ድረስ መጥተው «እባካችሁ ሂድ በሉልኝ፤ እኔን እንቢ ቢል እናንተን ይሰማል» ሲሉን፣ ድርድሩ በሁለት ሳምንት ያልቃል፣ ታገሡ አልናቸው። አይ እኛ! ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን። ይቅርታው እንደማይበቃም እናውቃለን።

ቅዳሜ ሐምሌ 5 ቀን ትንፋሽ አጠራቸው። የደብዳቤ ጥያቄ ያን ዕለት ገባ። ሰኞ ቤተሰባቸው ደብዳቤውን መጠበቅ ትቶ ሆስፒታል አስገባቸው፤ ሐኪሞቹ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ። ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ ዝናብ ነው ብለው ሳይመጡ ቀሩ። ረቡዕ ማለዳ አቶ ሙሐዲን ዐረፉ።

ሣጥኑ ግን የማንንም ፊርማ ሳይጠብቅ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከቤታቸው ደጅ ደረሰ። ወይ አለማፈር! አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው የሠሩትን ሰው ሃይማኖት የጠየቀ እንኳ አልነበረም። ልጃቸው ኢክራም ሣጥኑን ስታይ የጮኸችውን ጩኸት የሰማን ሁሉ ዕድሜ ልካችንን አንረሳውም። አቶ ሙሐዲን በሃይማኖታቸው ሥርዓት በከፈን ተጠቅልለው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተሸክሟቸው ከሰዓት በፊት ተቀበሩ። ደብዳቤው ዓርብ ሐምሌ 11 ቀን ተፈርሞ ደረሰን። ለሦስት ቀን ያገለግላል ይላል።

ሣጥኑ አሁን በማኅበሩ ቢሮ ይገኛል። ቢሯችን ጠባብ ስለሆነ ግድግዳ አስደግፈን አቁመነዋል። ፋብሪካው አንቀጽ 32 ተፈጽሟል ብሎ እንዳይመዘግብ፣ መጥቶም ንብረቱን እንዲረከብ በደብዳቤ አሳውቀናል። አንቀጽ 31 ሳይፈረም ሌላ አንቀጽ ላይ እንደማንነጋገርም በዚሁ አጋጣሚ እናስታውቃለን።

ለወይዘሮ ፈትያ፣ ለኢክራምና ለወንድሞቿ፣ ሐሙሲት ላሉ ቤተ ዘመዶቻቸውና ለማሸጊያ ክፍል ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። አላህ ለአቶ ሙሐዲን ጀነትን ይወፍቃቸው።

ቀጣዩ የድርድር ስብሰባ ዓርብ ሐምሌ 18 ቀን ይካሄዳል። በአቶ ሙሐዲን ቦታ ቃለ ጉባኤ እንዲይዙ የተመረጡት ወይዘሮ ትዝታ ናቸው። እርሳቸውም የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ ካለፈው መጋቢት ጀምሮ ያስላቸዋል።

የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው